ፒሲቪ ቫልቭ እያስነቀሉ ጣሳ ከሚገጥሙ ጋራዦች ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ከሞተሬ ሥር የፈሰሰው ዘይት ገና ሳይደርቅ ነው። አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ተርቦ ካስገጠምኩ በኋላ በአየር ማስገቢያው ቱቦ ውስጥ የዘይት እርጥበት ማየት ስለጀመርኩ፣ የሞተር ትንፋሽ እናስተካክላለን ወደሚል ጋራዥ ወሰድኩት። እንዲህ ያሉትን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ፤ ከሞተሩ ጋዝ ዘይቱን ለይተው እንዲያጠራቅሙ የሚገጠሙ የሚያብረቀርቁ ጣሳዎች ተደርድረዋል፣ ባለሙያው ኮፈኑን ከፍቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቀጥሎም ሞተሩ አንድ ወር እንደማይቆይ ይነግራችኋል። ትንሿን ፒሲቪ ቫልቭ ነቅሎ በመዳፉ ላይ እያገላበጠ «ሞተርህን ያፈነችው ይህቺ ናት» ሲለኝ፣ «እንግዲያው ትጣል» ያልኩት እኔው ነኝ። ይህ ቃሌ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያቺ ቫልቭ እኮ ሥራ ነበራት። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲዞር አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ስለሚስብ፣ በፒስተን ፋሻዎች በኩል ሾልኮ ክራንክ ሻፍቱ ወዳለበት የሞተሩ ሆድ የገባው ጋዝ በእርሷ በኩል ተመልሶ ይቃጠላል፤ ተርቦው ግፊት ሲሰጥ ደግሞ ተዘግታ ግፊቱን ትከለክላለች። እነርሱ በቦታዋ ከማኒፎልድ ወደ ጣሳ፣ ከጣሳ ወደ ሞተሩ ሆድ ክፍት ቱቦ ዘረጉ። በሦስተኛው ቀን ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የኋላው ኦይል ሲልም ተገፍቶ ዘይቱ ፍሪሲዮኑን አጠበው።

መኪናውን አስጎትቼ ተመለስኩና ጣሳው በፊቴ እንዲከፈት ጠየቅሁ። ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ ባዶ ነበር፤ ዘይቱን ከጋዙ የሚለይ ወንፊትም ሆነ ግርዶሽ አልነበረውም፣ መግቢያውና መውጫው ጎን ለጎን የተበሱ ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ነበሩ። በማኒፎልዱ በኩል ያለውን የቱቦ ጫፍ ነቅዬ በአፌ ነፋሁበት፤ ትንፋሼ ያለ አንዳች ከልካይ እስከ ጣሳው ድረስ አልፎ በተከፈተው አፉ ወጣ። ባለሙያው ይህን ቆሞ አየ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ረዳቱ ዞሮ «ተርቦ ያለው ሞተር ዘይት ማፍሰሱ አይቀርም፣ ንገረው» አለ። ረዳቱም፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ የሰማሁትን ያንኑ ቃል ደገመልኝ። ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ ያበገነኝ ይህ ንቀት ነው፤ ሞተሬን ያበላሸ ሰው ዓይኔን አይቶ ሊመልስልኝ እንኳ አልፈለገም።

ጣሳ የምታስገጥሙ ከሆነ ክዳኑን አስከፍታችሁ ውስጡን እዩ፣ በማኒፎልዱ መስመር ላይ ግፊት የሚከለክል አንድ አቅጣጫ ቫልቭ መኖሩንም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በትንፋሻችሁ ፈትሹ። የተነቀለውንም ዕቃ ይዛችሁ ውጡ፤ እኔ የራሴን ቫልቭ እንዲመልሱልኝ ስጠይቅ ከቆሻሻ ጋር መጣሉን ነገሩኝ።