እናቴ የማታ ትምህርት ከጀመረች አራት ወር ሆናት፤ ያየሁትን ልንገራችሁ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ እማዬን የቸገራት ነገር ቤቷን ለይታ ማግኘት ነበር። አገር ቤት እያለች መንገዱን በዛፉ፣ በወንዙ፣ በሰው አጥር ነው የምታውቀው። እዚህ ግን ሕንፃው ሁሉ አንድ መልክ ነው፤ የሚለየው ግድግዳው ላይ በተጻፈው የብሎክ ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ከኪዳን ስትመለስ የሰው ብሎክ ገብታ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ፣ የማታውቀውን በር ስታንኳኳ ጎረቤት አግኝቶ አመጣልኝ። ያን ቀን ማታ "እኔ እኮ ዓይን እያለኝ ዕውር ነኝ" አለችኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰፈራችን አካባቢ ካለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስመዘገብኳት ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ ሲወጡ ክፍሉ ለጎልማሶች ይሰጣል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ11 ሰዓት እስከ 12፡30። በነፃ ነው፤ ደብተርና እርሳስ ብቻ ትገዛላችሁ። በመንግሥት ቋንቋ "ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት" ይባላል። ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ከጤናው፣ ከቁጠባው፣ ከዕለት ኑሮው ጋር አብሮ የሚሰጥበት ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ሞክረን ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። አስተማሪው የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ሰጥቷቸው "ተከተሉኝ" እያለ ያስጮኻቸዋል፤ የተሳሳተውን ሰው ፊት ይቆጣል። የስድስት ልጆች እናት፣ የልጅ ልጅ ያየች ሴት እንደ ሕፃን ስትገሠጽ አስቡት። እማዬ በሁለተኛው ሳምንት "አልሄድም" አለች። አልፈረድኩባትም።

የአሁኗ መምህርት ግን ሌላ ናት። ወጣት ናት፤ ሁሉንም "እርስዎ" ነው የምትለው፣ ትልልቆቹን "እማማ"፣ "አባባ" እያለች። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፈችም። እያንዳንዳቸውን "መጀመሪያ ምን ማንበብ ይፈልጋሉ?" ብላ ጠየቀች። እማዬ የብሎኩን ቁጥርና የራሷን ስም አለች። ጥበቃ የሚሠሩ አንድ አባት የመኪና ታርጋ መመዝገብ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። እንጀራ የምትሸጥ ሴት የዱቤ ደብተሯን ሌላ ሰው እንዳይጽፍላት ፈለገች። ትምህርቱ የተጀመረው ከዚያው ነው። የየሰዉ ቃል ሰሌዳ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በየፊደሉ ይፈታል፣ ፊደሎቹ ደግሞ ሌላ ቃል ይሠራሉ።

ይሄ ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ በእማዬ ነው። እሷ እኮ ሀ ሁ በቃሏ ትወርደዋለች። መሠረተ ትምህርት በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በኋላ ገጠር ሲደርስ ልጅ ነበረች፤ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ተምራለች። ትልቅ ዘመቻ ነበር፤ ትምህርቱ በ15 ቋንቋ እስከመሰጠት ደርሷል። ግን እሷ ብዙም ሳትቆይ ተዳረች፣ ቤት ውስጥም የሚነበብ አንድ ወረቀት አልነበረም። የቀረላት ዜማው ነው። 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው ስታዜም ብትሰሟት የተማረች ትመስላችኋለች። ከመሐል "ቱ"ን ነጥላችሁ ብታሳዩአት ግን ከ"ተ" ጀምራ በጣቷ ካልቆጠረች አትደርስበትም። ሦስቱ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ደግሞ ክፉኛ ያደናግሯት ነበር። መምህርቷ "ለጊዜው አንዱን ይያዙ፣ ሌሎቹ ኋላ ይመጣሉ" ስትላት ተገላገለች።

በሁለተኛው ወር ከደጅ ቆማ "ሃያ ሦስት!" ብላ ጮኸች። የእኛ ብሎክ ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ አሁን ማታ ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራ ይሠራሉ። እሱ ያርማታል፣ እሷ ደግሞ ተረት ታስጽፈዋለች። የደም ግፊት መድኃኒቷ ከረጢት ላይ "ጠዋት 1፣ ማታ 1" የሚለውን ራሷ ታየዋለች። በቴሌብር የላኩላት ገንዘብ ሲደርስ ስንት እንደሆነ ከመልእክቱ ላይ ቁጥሩን ታነባለች። ባለፈው የዕድር ወረቀት ላይ በአውራ ጣቷ ፈንታ ስሟን ፈረመች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት፣ ሰልፉም ቆመ፣ ግን አንድም ሰው አልተቆጣም፤ ዳኛው ራሳቸው ወረቀቱን አጥብቀው ይዘውላት ነበር።

የሚጎድለውንም ልንገራችሁ። ዴስኩ የልጆች ነው። ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች ሥቃይ ነው፤ እማዬ ትራስ ይዛ ነው የምትሄደው። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያበቃል፣ በስልክ መብራት ሰሌዳ አይነበብም። ሕፃን ያዘሉ እናቶች ልጅ የሚያቆዩበት ቦታ የላቸውም፤ ሁለቱ በዚህ ምክንያት አቋርጠዋል፣ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ወንዶቹም የቀን ሥራ ካመሻቸው ይቀራሉ። ሰዓቱን አንድ ሰዓት ገፋ ቢያደርጉት ብዙ ሰው ይመጣ ነበር፤ ለርእሰ መምህሩ ተናግሬያለሁ፣ እናንተም ብትናገሩ ይሰማሉ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ቀጣዩ ነው። ማንበብ ከቻሉ በኋላ ምን ያነባሉ? በልጅነቷ የተማረችውን ያስረሳት የሚነበብ ማጣት ነው። እዚህም ቤተ መጻሕፍት የለም። ጋዜጣ ፊደሉ ደቃቃ ነው፤ የልጆች መጽሐፍ ስለ ጥንቸል ነው፣ እሷ ደግሞ ስለ ዶሮ እርባታ፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ቅዱሳን ገድል ማንበብ ነው የምትፈልገው።

እናት ወይም አባት፣ ወይም ቤት ውስጥ የምታግዛችሁ ልጅ ያልተማሩ ካሉ ውሰዷቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት አብራችሁ ሂዱ፤ ብቻቸውን በሩን ለመግባት ያፍራሉ። የሚደረብ ልብስ ይያዙ፣ ሲመሽ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። መነጽር የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ደግሞ ከመመዝገባቸው በፊት ዓይናቸውን አስመርምሩ፤ እኛ ዘግይተን ነው ያወቅነው፣ እማዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ "አልገባኝም" ስትል የነበረው ሰሌዳው ስላልታያት ነው። ትልልቅ ፊደል ያለው፣ ለአዋቂ የሚሆን፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ለሃያ ሁለት ሰው ነው የምፈልገው።