ከጎንደር ወደ ስሜን ተራሮች «ሁሉን ያካተተ» የእግር ጉዞ ለምትገዙ፦ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት

ጎንደር ለመምጣት ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም ብር እንዳትልኩ። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዞር አንድ ማስታወቂያ አለ። «ጎንደርን በእግር፣ ስሜንን በእግር፣ ሁሉን ያካተተ የሁለት ቀን ፓኬጅ» ይላል። ፎቶው ልብ ይሰርቃል። ዋጋውም ብዙ አያስደነግጥም። አክስቴና ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ሲመጡ ይህንኑ በሰው 4,500 ብር ገዝተው ነበር። እኔም የከተማው ልጅ ነኝና አብሬያቸው ወጣሁ። የሻጩን ስም አልጠራም። ነገ በሌላ ስም፣ በሌላ ገጽ ብቅ ሊል ይችላል። ማወቅ ያለባችሁ ዘዴውን ነው።

ትልቁ ማታለል ያለው ሁለተኛው ቀን ላይ ነው። ማስታወቂያው ላይ የተለጠፈው ፎቶ የተነሳው እሜት ጎጎ ላይ ነው። እሜት ጎጎ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ፣ ከ3,900 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ግጭ ከሚባለው ካምፕ ተነስታችሁ በእግር የምትደርሱበት የገደል ጫፍ ነው። እኛ የተወሰድነው ግን ኮሶዬ ነው። ኮሶዬ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በደባርቅ መንገድ ላይ ነው። ቦታውን እወደዋለሁ። ቁልቁል ሲያዩት ቆላው እስከ ዓይን መጨረሻ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል፤ ጭላዳም አይጠፋም። ኮሶዬ ተብሎ ቢሸጥ አንድ ቃል አልናገርም ነበር። ግን ኮሶዬ ፓርኩ አይደለም።

ሚኒባሱ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ሾፌሩ ሞተር እንኳ አላጠፋም። የሱፍ ኮፍያ የሚሸጡ ልጆች እየሮጡ መጥተው ከበቡን። አስጎብኚ ተብሎ የመጣው ልጅ እጁን ወደ ማዶ ዘረጋና «ያ የምታዩት ስሜን ነው» አለ። አክስቴ «ታዲያ መቼ ነው የምንሄደው ልጄ?» ሲሉት፣ «እማማ፣ ደረስን እኮ! እይታው የሚያምረው ከዚህ ነው» አላቸው። ዋልያውስ ስንለው «ዛሬ ጉም ስላለ አይወጣም» አለ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ደግሞም ዋልያን ማየት የፈለገ ሰው ፓርኩ ውስጥ ወዳሉት ወደ ጨነቅና ወደ ቧሂት ነው የሚሄደው፤ ኮሶዬ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። አክስቴ ለዚህ ቀን ብለው አዲስ ጫማ ገዝተው ነበር። ከመኪናው እስከ ገደሉ አፋፍ ያለችውን መንገድ ሄደው ተመለሱ፤ በቃ። ለምሳ ጎንደር ገባን።

እንዳትሸወዱ መንገዱን አስሉት። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፓርኩ መግቢያ የሚከፈለውና ደረሰኝ የሚቆረጠው እዚያው ደባርቅ፣ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። በእግር የሚሄድ ሰው መሳሪያ የያዘ የፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) ይመደብለታል። ከዚያ ገና ወደ ቡይት ራስና ወደ ሳንቃበር ትቀጥላላችሁ። ስለዚህ «ጠዋት 2 ሰዓት ወጥተን ምሳችንን ጎንደር እንበላለን» የሚላችሁ ሰው ፓርኩ ውስጥ አያስገባችሁም። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ አይቻልም ማለቴ አይደለም። ሳይነጋ ከተነሳችሁ በቡይት ራስና በሳንቃበር መካከል ጥሩ መንገድ በእግር ሄዳችሁ፣ ጭላዳውን በቅርብ አይታችሁ ማታ መመለስ ትችላላችሁ። ግጭ ግን አዳር ይፈልጋል። ራስ ዳሽን ደግሞ የብዙ ቀን ጉዞ ነው፤ «በአንድ ቀን ዳሽን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ብር ከመላካችሁ በፊት የምታድሩበትን ወይም የምትሄዱበትን ቦታ በስም ጠይቁ። «ስሜን» ብቻ መልስ አይደለም። ቡይት ራስ ነው? ሳንቃበር ነው? ጨነቅ ነው? የፓርክ መግቢያና የስካውት ክፍያ በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ፓርኩ የቆረጠው ደረሰኝ በእጃችን ይገባል ወይ? ይህን በጽሑፍ ይመልስላችሁ። ለአክስቴ ልጅ የመጣላት መልስ «አታስቢ እህቴ፣ ሁሉም አለበት» የሚል የድምፅ መልእክት ብቻ ነበር። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ ከሻጩ አትጠይቁ፤ በዚያው ሰሞን ደባርቅ ከተመላለሰ ሾፌር ስሙ።

የመጀመሪያው ቀን የከተማው ዙር ነበር። እዚህም «ሁሉን ያካተተ» የሚለው ቃል ፋሲል ግቢ በር ላይ ሲደርስ ተነነ። አስጎብኚው ልጅ «መግቢያው ለብቻ ነው» ብሎ ከሁሉም ሰው ብር ሰበሰበ። የፋሲል መዋኛ ስንደርስ ድጋሚ ሊሰበስብ እጁን ዘረጋ። የፋሲል ግቢ ቲኬት ለመዋኛውም እንደሚያገለግል ስነግረው ዝም አለ። ቲኬታችሁን እንዳትጥሉት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የራሱ መግቢያ አለው። እዚያ ስንደርስ ልጁ «ከውጭ ማየቱ ይበቃል፣ ሰዓት የለንም» አለ። ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣን ሰው ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት ሳያይ ከቅጥሩ ውጭ ማስቀረት ግፍ ነው! በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሽ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲወድሙ የተረፈ ቤት ነው። ቁስቋምን ደግሞ «ዛሬ ዝግ ነው» ብሎ ዘለለው።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ክፍያ ያለበት ቦታ ሁሉ ወይ ድጋሚ ያስከፍላችኋል፣ ወይ ዝግ ነው ይላችኋል። የከፈላችሁት ብር ለመግቢያ ከወጣ ለሻጩ አይተርፈውማ።

በሦስተኛው ቀን እኔ ራሴ ቁስቋም ወሰድኳቸው። ክፍት ነበር። ከፋሲል መዋኛ ዳገቱን ቀስ እያሉ መውጣት ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ፍርስራሽ እዚያ ነው። የእሳቸው፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽምም እዚያው ያርፋል። አክስቴ በአዲሱ ጫማቸው ዳገቱን እያረፉ ወጡት፤ ከላይ ሆነው ከተማዋን ሲያዩ ቆዩ።

ለከተማው ዙር ፓኬጅ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ከፒያሳ ፋሲል ግቢ ቅርብ ነው። መዋኛውና ሥላሴ ከዚያ በተለያየ አቅጣጫ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። መንገድ ብትጠይቁ የጎንደር ሰው እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል። ከደከማችሁ ባጃጅ አለ። ታሪኩን የሚያስረዳችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ፋሲል ግቢ በር ላይ መታወቂያ ያንጠለጠሉ አስጎብኚዎች አሉ፤ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ። ጸሐይ ስትጠልቅ ጎሃ ኮረብታ ላይ ውጡ። ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ነችና ከቆላ የመጣችሁ የመጀመሪያውን ቀን አትቸኩሉ። ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ተራራውም በጉም ይሸፈናል።

ብሩን ስንጠይቅ «ቀብድ አይመለስም» ተባልን። የተላከው በቴሌብር፣ ለአንድ ግለሰብ ስልክ ነው። ደረሰኝ የለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱን ለመጠየቅ ግን በእጃችሁ ወረቀት ሊኖር ይገባል። ስለዚህ የንግድ ፈቃዱን ፎቶ ጠይቁ። ክፍያውን በድርጅቱ ስም ለተከፈተ ሂሳብ ብቻ አስገቡ። ካልተስማማ ሌላ ፈልጉ፤ በደንብ የሚሠሩ አስጎብኚዎች እዚህ ሞልተዋል፣ እንዲህ ያለው ሰው የእነሱንም እንጀራ እያበላሸ ነው።

ይህንኑ ፓኬጅ ገዝታችሁ የተጎዳችሁ ካላችሁ የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉ። ማስታወቂያውንም ሳይሰርዙት ስክሪንሾት አንሱት፤ የእኛን ሰርዘውታል። እኛ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ልናስገባ ነው። አብራችሁን ማመልከት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።