በርድ እና ኬኔዲ፦ የትኛውን ይመርጣሉ?

ሁለቱም ዴሞክራት ናቸው። ሁለቱም የአሜሪካ ሴኔት ውስጥ አርጅተው ወንበራቸው ላይ እያሉ አረፉ። መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

ሮበርት በርድ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 2010 ሴናተር ነበሩ። ትልቁ ሙያቸው በጀት ማምጣት ነው። የበጀት ምደባ ኮሚቴውን ሲመሩ ለግዛታቸው ዌስት ቨርጂኒያ መንገዱንም፣ ድልድዩንም፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቱንም አዥጎደጎዱት። ብዙው በስማቸው ተሰይሟል (ትሕትና ብዙም አላስቸገራቸውም)።

ቴድ ኬኔዲ ማሳቹሴትስን ቢወክሉም ዓይናቸው አገር አቀፍ ሕግ ላይ ነበር። የ1965ቱን የኢሚግሬሽን ሕግ ሴኔት ውስጥ መርተው አሳለፉ። በ1997 ደግሞ ከሪፐብሊካኑ ኦሪን ሃች ጋር ተስማምተው የሕፃናት የጤና መድን ፕሮግራም እንዲጸድቅ አደረጉ። ከተቃራኒ ወገን ጋር መደራደር ያውቁበታል።

ትልቁ ልዩነት 1964 ላይ ነው። በርድ የዘር መድልዎን የሚከለክለውን የሲቪል መብቶች ሕግ ለማደናቀፍ፣ ድምፅ እንዳይሰጥበት ከ14 ሰዓት በላይ ተናገሩ። ኬኔዲ ደገፉት። በርድ ኋላ ተጸጽተዋል፤ ያም ሆኖ ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው ይህ ነው።

በጓዳ ሥራ ግን በርድን የሚስተካከል የለም። የባልደረቦቻቸውን ጥቃቅን ጉዳይ ሲያስፈጽሙ ኖረው፣ በ1971 ለፓርቲው የሴኔት ምክትል መሪነት ሲወዳደሩ ስመ ገናናውን ኬኔዲን ዘረሯቸው።

የዌስት ቨርጂኒያ መራጭ ብሆን በርድን እመርጥ ነበር። ለአገር ሕግ ከሆነ ኬኔዲን።