ባትሪ መሸጥ ሲችሉ መጀመሪያ ለለኩልኝ ባለሙያ

እናቴ የመርሳት ችግር አለባት። ሌሊት ተነስታ በር ከፍታ መውጣት ስትጀምር ቤታችን ውስጥ ሰባት ገመድ አልባ ሴንሰሮች አስገጠምን። በር ሲከፈት ስልኬ ይጮሃል፣ እኔም እነሳለሁ። እንቅልፍ የሚወስደኝ እነሱን ተማምኜ ነው።

ዓመት ሳይሞላ ሳንቲም የሚመስሉት ክብ ባትሪዎቻቸው ተራ በተራ ማለቅ ጀመሩ። በርካሽ ያገኘሁትን፣ ብዙ ፍሬ በአንድ ላይ የታሸገ ገዛሁ። አንድ ወር እንኳ አልቆየም። ሴንሰሩን ከሸጡልን ሰዎች «ትክክለኛውን» ልግዛ ብል ደግሞ የጠሩልኝ ዋጋ አዲስ ሴንሰር ለመግዛት ምንም አልቀረው። ልግዛ አልግዛ ስል ሳመነታ አንድ ሌሊት የኋላው በር ሴንሰር ጭራሽ ዝም አለ። እናቴን ውጭ፣ በሌሊት ልብሷ ቆማ አገኘኋት። ይህን ስጽፍ አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

በማግስቱ ሰዓትና ትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚጠግኑ አንድ አባት ጋ ሄድኩ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ አልፈለጉም፤ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ሰባቱንም ባትሪ ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩና «በእነዚህ ልክ አዲስ ይስጡኝ» አልኳቸው። ሊሰጡኝ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ቴስተራቸውን፣ የቮልት መለኪያቸውን፣ አነሱ።

ሁሉም ወደ 3 ቮልት አካባቢ አሳዩ። ደህና ናቸው ማለት ነው ብዬ ግራ ገባኝ። «ቆይ ልጄ፣ ቁጭ ብሎ ሲያወራ ሁሉም ጤነኛ ይመስላል። ሸክም አሸክመሽ ነው የምታውቂው» አሉኝ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ሬዚስተር፣ ባትሪውን እንደ ሸክም የምታሠራ ዕቃ፣ ባትሪው ላይ አገናኝተው እንደገና ለኩ። አራቱ ወዲያው ቁልቁል ወረዱ። ለካ ሴንሰሩ መልእክት በሚልክባት ቅጽበት ነው ጉልበት የሚፈልገው፤ ደካማ ባትሪ እሷ ላይ ይከዳል። ያለ ሸክም የተለካ ባትሪ ብዙ አይነግርም። ይህን እስከዛሬ ማንም አልነገረኝም ነበር።

አምስተኛው ባትሪ አዲስ ነው፣ ግን ያለቦታው የገባ። የሴንሰሩ ባትሪ ሲአር 2032 የሚባለው ነው፤ እኔ 2025 ከትቼበታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ስፋቱ ናቸው፣ 20 ሚሊ ሜትር። የመጨረሻዎቹ ውፍረቱ ናቸው፤ 32 ማለት 3.2 ሚሊ ሜትር፣ 25 ማለት 2.5። ቮልቱ አንድ ነው፣ ግን ስለሚሳሳ ቦታው ላይ ይላላል፤ አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል። «የሴንሰሩን ስም ተዪው፣ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተከተዪ» አሉኝ። ያ ውድ «ትክክለኛ» ባትሪም ይኸው ሲአር 2032 ነበር፤ የተለየው ማሸጊያው ብቻ ነው።

የቀሩትን ሁለቱን «ገና ይሠራሉ» ብለው መለሱልኝ። የሚሸጥ ሰው እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በየጊዜው ከመግዛት ቻርጅ የሚደረገውን ብወስድስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከለከሉኝ። ቅርጹ አንድ ዓይነት ቢሆንም ያኛው ሲሞላ እስከ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ለ3 ቮልት የተሠራ ሴንሰር ሊያቃጥል ይችላል። የሚይዘውም ከተራው በጣም ያነሰ ነው።

የኋላው በር ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚጨርስም አወቁት። ሴንሰሩ መልእክቱን ከሚቀበለው ዋናው መቀበያ ሩቅ ነው፣ በሩ ደግሞ ብረት። መልእክቱ አልደርስ ሲለው ደጋግሞ ይልካል፤ በላከ ቁጥር ባትሪ ይበላል። መቀበያውን ወደ ቤቱ መሃል አመጣሁት። አንድ ሳንቲም አላስወጣኝም።

የሚያስፈልጉኝን ቁጥሮች በወረቀት ጻፉልኝ። ስሙ የታወቀ የባትሪ አምራች፣ ያልተከፈተ እሽግ፣ ጊዜው ያላለፈ ግዢ አሉኝ። ገዝቼ ስደምረው መጀመሪያ ከተጠራልኝ ዋጋ ግማሹን አልሞላም። እሳቸው የተቀበሉኝ የድካማቸውን ብቻ ነው፣ እሱንም ለምኜ።

ልወጣ ስል ትንሹን ልጄን አዩትና እንደገና አስቀመጡኝ። ይህ ክብ ባትሪ ሕፃን ከዋጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ ተውጧል ብሎ መጠርጠር እንኳ ወዲያው ሐኪም ቤት ያስኬዳል። ያለቀውንም ሁለቱን ፊት በፕላስተር አሽጊና ልጅ የማይደርስበት አስቀምጪ አሉኝ። ሲጥሉትም እርስ በርሱ ተነካክቶ እሳት እንዳያስነሳ ይጠቅማል። አሮጌዎቹን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አሽገው ሰጡኝ።

ሴንሰር፣ ሰዓት፣ ሪሞት፣ ምንም ይሁን፣ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ለእሳቸው አሳዩ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ፤ ለዚህ ፈቅደውልኛል።

ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሮጬ ደረስኩ፤ እናቴ የበሩን እጀታ እንደያዘች ነበረች። እጇን ይዤ ወደ አልጋዋ መለስኳት። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።