«ፓፊዮፔዲለም» ብቻ ተብሎ የሚሸጠው ኦርኪድ፦ ንጹህ ዝርያ ነው ወይስ ድቅል?

በአውሮፓ የአትክልት መደብሮች ከተለመደው ፋላኖፕሲስ ጎን ከረጢት ያንጠለጠለ አበባ ይደረደራል፤ ስሊፐር ኦርኪድ። ካርዱ «ፓፊዮፔዲለም» ይላል፣ አንዳንዴ «አሜሪካን ሃይብሪድ» ይጨመርበታል። ተክሉ ምንም እንከን አይወጣለትም፦ አበባው ከወር በላይ ይቆያል፣ ቀጥተኛ ፀሐይም አይፈልግም። ጉድለቱ ካርዱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ስም ብዙ ዝርያዎችን የሚያቅፈው የወገን (ጂነስ) ስም ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የነጋዴ መጠሪያ ስለሆነ ወላጆቹን አይናገርም።

እንዲህ ያለውን ተክል ድቅል ነው ብሎ መነሳት ይሻላል፤ ንጹህ ዝርያ ነው የሚል ማስረጃ ያምጣ። ባርባተምና ቪሎሰም የተባሉት ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘው ሃሪሲያነም እንግሊዝ አገር ያበበው በ1869 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ድቅል ከድቅል ጋር ሲዳቀል ኖሯል።

ካርዱ ሙሉ ስም ካለው አጻጻፉን እዩ። በላቲን ፊደል ሁለተኛው ቃል በትንሽ ፊደል ከጀመረ ዝርያ ነው፤ ለምሳሌ ኢንሲግኔ። በትልቅ ከጀመረ ድቅል ነው፤ ለምሳሌ ሊያነም። (የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ ስሙን በአማርኛ ጽፎ ለሰው መላክ ዋናውን መረጃ ያጠፋዋል፤ ካርዱን ፎቶ አንሱት።) ሁሉም በትልልቅ ፊደል ከታተመ ዘዴው አይሠራም። የማባዣ ምልክት (×) ማየትም ብቻውን አያስደነግጥ፤ የአንድ ዝርያ ሁለት ምርጥ ተክሎች ሲዳቀሉም ይጻፋል፣ ልጁም ያው ዝርያ ነው።

ካርዱ ዝም ካለ ወደ አበባው ነው። መደብር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቅጠለ ዥንጉርጉሩ፣ በአንድ አገዳ አንድ አበባ የሚያወጣው፣ ከላይ የቆመው ሰፊ የአበባ ቅጠሉ በመስመር የተሰነተረው የሞዲዬ ዓይነት ነው። ሞዲዬ ካሎሰምና ላውረንሲያነም የተባሉ ዝርያዎች ልጅ ነው። በካሎሰም ግራና ቀኝ ያሉት የአበባ ቅጠሎች ወደ ታች ያዘነብላሉ፣ ኪንታሮት የሚመስሉት ጥቁር ነጠብጣቦችም በአብዛኛው ላይኛው ጠርዝ ላይ ናቸው። በላውረንሲያነም የአበባ ቅጠሎቹ ወደ ጎን ቀጥ ብለው ይዘረጋሉ፣ ነጠብጣቦቹ በሁለቱም ጠርዝ ይሰለፋሉ። የአበባ ቅጠሉ በጥቂቱ አዘንብሎ፣ ታችኛው ጠርዝ ላይ ሁለት ሦስት ነጠብጣብ ብቻ ከታየ ድቅል ነው። አረንጓዴና ነጭ በሆነው ሞዲዬ ላይ ግን ጥቁሩ ቀለም ስለሌለ ይህ ምርመራ ይቸግራል።

ከሁሉ በላይ የሚታመነው ስታሚኖድ ነው፤ ከከረጢቱ አፍ በላይ የተለጠፈችው ትንሿ ጋሻ። ቀለም በብርሃንና በሙቀት ይለዋወጣል፤ የጋሻዋ ቅርጽ ግን ያን ያህል አይለዋወጥም። 10 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ጠርዟንና ጥርሷን አይታችሁ ከዝርያው ሥዕል ጋር አስተያዩ። በሁለት ዝርያዎች መካከል የምትዋልል ከሆነች ተጠራጠሩ።

ቅጠሉ ወጥ አረንጓዴ ሆኖ አበባው ክብ፣ ወፍራምና በቫርኒሽ የተቀባ የሚመስለው ደግሞ ከኢንሲግኔ፣ ከቪሎሰምና ከስፓይሲሪያነም የተወረሰ የብዙ ትውልድ ድቅል ነው። በነጩ ላይኛ የአበባ ቅጠል መሐል የምትወርደው ወይን ጠጅ መስመር የስፓይሲሪያነም ውርስ ናት።

የስልክ መተግበሪያዎችን አትመኑ። ከፊት ለፊት በተነሳ አንድ ፎቶ የዝርያ ስም ይሰጣሉ፣ ጋሻዋን በቅጡ ሳያዩ። ባለሙያ ስትጠይቁ ፊቱን፣ ጎኑን፣ ስታሚኖዱን በቅርበት፣ የቅጠሉን ላይና ታች፣ ከሚሊሜትር ማስመሪያ ጋር አንስታችሁ ላኩ። የመጀመሪያው አበባ ብዙ ጊዜ ትንሽና የተጣመመ ስለሚሆን ሁለተኛውን ጠብቁ። በሌላ በኩል ለትውልዶች ተመርጦ የተራባ ንጹህ ዝርያም አበባው ክብና ትልቅ ስለሚሆን ድቅል ሊመስል ይችላል።

ንጹህ ዝርያ የሚፈልግ ሰው ከልዩ የኦርኪድ አርቢ፣ ሙሉ ስም ያለው ይግዛ። ወገኑ በሙሉ በሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) አባሪ አንድ ውስጥ ስላለ፣ ድንበር የሚሻገር ከሆነ ወረቀቱን መጠየቅ ግድ ነው። በመደብሩ ተክል ካርድ ላይ ግን «ሞዲዬ ዓይነት፣ ወላጅ ያልታወቀ» ብላችሁ በእርሳስ ጻፉ፤ ቀለም ውሃ ሲነካው ይለቃል።