ኩፐርስታውን የቤዝቦል ሙዚየም፣ ለኖላን ራያን ብቻ እንኳን መሄድ ያዋጣል

አሜሪካ ያላችሁ፣ ቤዝቦል የሚወድ ልጅ ካላችሁ ኒውዮርክ ስቴት ኩፐርስታውን ያለውን የቤዝቦል ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቅ ተጫዋቾች መታሰቢያ ሙዚየም) ውሰዱት፣ እኔ አምስት ኮከብ ነው የምሰጠው። ከኒውዮርክ ከተማ በመኪና 4 ሰዓት ገደማ ስለሆነ በጠዋት ውጡ። ከሁሉም የወደድኩት የነሐስ ሰሌዳዎቹን አዳራሽ ነው፣ የእያንዳንዱ ተጫዋች ፊት ተቀርጾ ከስሩ የሠራው ነገር በአጭሩ ተጽፏል፣ እኔ ብዙ የቆምኩት በ1999 የገባው ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ኖላን ራያን ጋ ነው፣ ሰሌዳው ላይ የቡድኑን የቴክሳስ ሬንጀርስን ኮፍያ አርጎ። ሰውየው እኮ 27 ሲዝን ተጫውቶ 5,714 ስትራይክአውት (መቺውን በሦስት ስትራይክ ማስወጣት) ያለው ነው፣ እስካሁን የደረሰበት የለም፣ ደሞ ተጋጣሚውን አንድም ሂት (መቺውን ቤዝ የሚያደርስ ምት) ሳያስመታ የጨረሰው 7 ጨዋታ አለው፣ የመጨረሻውን በ1991 በ44 ዓመቱ!

ሰሌዳው ስለ ጨዋታው ብቻ ስለሆነ የቤተሰቡን ነገር ለልጆቻችሁ እናንተ ንገሯቸው። የወጣትነት ፍቅረኛውን ሩትን በ1967 አግብቶ ሦስት ልጆች ወለዱ። በ1990 ኦክላንድ ላይ 6ኛውን ሂት የሌለበት ጨዋታ ሲያሳካ ጀርባውን አሞት ነበር፣ በየኢኒንጉ (በየጨዋታው ዙር) መሃል መጥቶ ሲቀመጥ የ14 ዓመቱ ልጁ ሪስ ነው ጀርባውን ያሽለት የነበረው፣ ይሄ ነገር ሁሌም አንጀቴን ይበላዋል። ትልቁ ልጁ ሪድ ደሞ በ1991 ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ፒች እያደረገ ከአባቱ ቡድን ጋር በወዳጅነት ጨዋታ ተጋጥሟል፣ አባትና ልጅ ፊት ለፊት!

ሙዚየሙ ሰፊ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መድቡለት፣ ምቹ ጫማ አርጉ።