ጥርስ ለምታፋጩ፦ ሦስት ናይት ጋርድና አንድ የመንጋጋ መሣሪያ ሞክሬ ያየሁት

እንቅልፍ ላይ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ራሱን አይሰማም። የሚሰማው አብሮት የተኛው ነው። ባለቤቴ «ሌሊቱን ሙሉ ጠጠር ስትፈጪ አደርሽ» ሲለኝ አላመንኩትም ነበር። ያመንኩት የኋላ መንጋጋ ጥርሴ ሙሌቱ ተሰንጥቆ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ነው። ሐኪሟ መስታወት አስይዛኝ የፊት ጥርሶቼን ጫፍ አሳየችኝ። በመሞረድ የተሞረዱ ይመስል ቀጥ ብለዋል። ክራንቻዬ ሹል መሆኑ ቀርቷል። ምላሴ ዳርና ዳር ላይ የጥርሶቼ ቅርጽ ታትሟል። ጠዋት ጠዋት ጆሮ ግንዴን ይዞ የሚወቅረኝ ራስ ምታትም ከዚሁ የመጣ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ ለካ እኔ ስተኛ መንጋጋዬ ሥራ ላይ ነው የሚያድረው።

ናይት ጋርድ ማለት ሲተኙ ጥርስ ላይ የሚጠለቅ መከላከያ ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት በሙቅ ውሃ አለስልሰው፣ ነክሰው፣ ራስ ቅርጽ የሚያስይዙትን ነው። ወዲያው አግኝቶ ወዲያው መጠቀም ይቻላል፤ ጥሩነቱ እሱ ነው። ግን ወፍራም ነው፣ ላንቃዬ ላይ ሲያርፍ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ስንት ጠዋት ትራሴ ላይ ወድቆ አገኘሁት። ሦስት ወር ሳይሞላው በአንድ በኩል ተበሳ። በልክ የሚሠራላችሁ እስኪደርስ ለጥቂት ሳምንት ጥርሳችሁን ይሸፍንላችኋል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

ሁለተኛው በልኬ የተሠራ ለስላሳ ነበር። ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ተመችቶኝ ስለነበር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ መንጋጋዬ ከበፊቱ የባሰ ዝሎ መንቃት ጀመርኩ። እንደ ማስቲካ እያኘክሁት ነበር የማድረው። ሁሉም ሰው ላይ እንዲህ አያደርግም፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ለስላሳው ይበልጥ እንዲነክስ ይገፋፋዋል። እኔ ከነዚያ ነኝ።

ሦስተኛው ጠንካራ አክሪሊክ (ደረቅ ፕላስቲክ) ነው፣ የላይኛው ጥርስ ላይ የሚጠለቅ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ልናገር፤ ምክንያቱም ልዩነቱን ያመጣው ዕቃው ብቻ አይደለም፣ አገጣጠሙ ነው። ሐኪሟ ካጠለቀችልኝ በኋላ ቀለም ያለው ስስ ወረቀት በጥርሶቼ መሀል አድርጋ «ንከሺ፣ አሁን ወደ ጎን አንሸራቺ» ትለኛለች። አክሪሊኩ ላይ ሰማያዊ ነጥቦች ይወጣሉ። የበዛበትን በመሞረጃ ትነካዋለች፣ እንደገና ንከሺ ትለኛለች። ግራና ቀኙ እኩል እስኪያርፍ ድረስ ደጋግማ ሠራችው። ይሄን ሳያደርግ «በቃ ጨርሰናል» ብሎ የሚሸኛችሁ ሰው ካለ ከወንበሩ አትነሱ። ወደ አንድ በኩል ያጋደለ ናይት ጋርድ መንጋጋን ራሱ ሊያሳምም ይችላል።

የመጀመሪያው ሳምንት ለሃጭ ያስቸግራል። ያልፋል። ራስ ምታቱ በወር ውስጥ በጣም ቀነሰልኝ። ከዓመት በኋላ መብራት ላይ ይዤ ሳየው የኋለኛው ክፍሉ በጭረት ተሞልቷል፣ አንዱ ጭረት ጥፍሬን እስኪይዘው ድረስ ጠልቋል። ያ ሁሉ ጥርሴ ላይ ሊያርፍ የነበረ ነው። ማፋጨቱ ግን እንዳለ ነው። ናይት ጋርድ ማፋጨትን አያስቆምም፣ ዱላውን ይቀበልላችኋል እንጂ። አጠባበቁ ቀላል ነው፦ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ አየር የሚያስገባ ሳጥን። በሙቅ ውሃ አትጠቡት፣ ይጣመማል። የጥርስ ሳሙናም ይቧጭረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጥርሴ ዳነ፣ ራስ ምታቱ ቀለለ፣ ድካሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ስምንት ሰዓት ተኝቼ ያልተኛሁ ያህል ነው የምነሳው። አፌ ደርቆ፣ ቀን ቁጭ ባልኩበት ዓይኔ እየተከደነ። አንድ ሌሊት ባለቤቴ ትከሻዬን ይዞ ቀሰቀሰኝ። «ትንፋሽሽ ቆሞ ነበር። እየቆጠርኩ ነበር» አለኝ። ፊቱን ሳይ እንደ ደነገጠ ገባኝ። ማንኮራፋቴን ያውቃል፤ ይሄ ግን ሌላ ነው፤ ዝም እላለሁ፣ ከዚያ እንደ ታነቀ ሰው አየር እስባለሁ።

የእንቅልፍ ምርመራው ቤት ውስጥ የሚደረግ ነበር። ጣት ላይ የሚቆነጥጥ መለኪያ፣ አፍንጫ ሥር ቀጭን ቱቦ፣ ደረት ላይ ቀበቶ። ውጤቱ በሰዓት 18 ጊዜ ሆነ። አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፦ ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሲቆም ወይም በጣም ሲዳከም አንድ ተብሎ ይያዛል። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ስሊፕ አፕኒያ (እንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ) ይባላል።

እዚህ ላይ በጣም የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ናይት ጋርድ ከሠሩልኝ ሰዎች አንዳቸውም «ታንኮራፊያለሽ ወይ?» ብለው አልጠየቁኝም። አንድ ጥያቄ ነበር። ተራው ናይት ጋርድ ለትንፋሽ የተሠራ አይደለም። እንዲያውም በ2004 አፕኒያ ባለባቸው 10 ሰዎች ላይ የተደረገ ትንሽ ጥናት የላይኛው ናይት ጋርድ የአንዳንዶቹን ትንፋሽ እንዳባሰው አሳይቷል። አሥር ሰው ብዙ አይደለም፤ ግን አስቀድሞ ለመጠየቅ ይበቃል።

አሁን የማደርገው የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚያወጣውን መሣሪያ ነው። ሁለት ክፍል አለው፣ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ በጎን የተያያዙ። ምላስ ከታችኛው መንጋጋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መንጋጋው ወደ ፊት ሲመጣ ምላስም ተከትሎት ይመጣል፣ ጉሮሮ ይከፈታል። በትንሽ ቁልፍ እያዞሩ ከሚሊሜትር ባነሰ መጠን ቀስ በቀስ ያወጡታል። እኔ መንጋጋዬ እንዳይቆጣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ነበር የማዞረው። ጥርሶቼም ተሸፍነው ስለሚያድሩ አክሪሊኩን አስቀምጬዋለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ድጋሚ ስመረመር 18ቱ 6 ሆኗል። ከሁሉ በላይ ግን ጠዋት ስነሳ ተኝቼ እንዳደርኩ ይሰማኛል። ይሄን ስሜት ረስቼው ነበር።

ጉዳትም አለው። ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል ጥርሶቼ እንደ ድሮው አይገጥሙም፤ ለዚያ የምነክሳት ትንሽ መመለሻ ተሰጥታኛለች። በዓመታት ውስጥ የጥርስ አገጣጠም በቋሚነት ሊቀየር ስለሚችል ክትትል ግድ ነው። የሚነቃነቅ ጥርስ ወይም ከባድ የድድ ሕመም ያለበት ሰው ይሄ ላይሆነው ይችላል። አፕኒያው ከባድ ለሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚመከረው ሲፓፕ ነው፤ ኮሊን ሰሊቫን አውስትራሊያ ውስጥ በ1981 ያስተዋወቀው፣ በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያቆየው ማሽን። እኔ መካከለኛ ስለሆንኩ ነው ምርጫ የተሰጠኝ።

ስለዚህ ማፋጨት ብቻ ከሆነ ጠንካራውን፣ በልካችሁ የተሠራውን አሠሩ። ማንኮራፋት፣ የቀን እንቅልፍ ወይም ሌሊት እየታነቁ መንቃት ካለበት ግን ከናይት ጋርዱ በፊት የእንቅልፍ ምርመራውን አድርጉ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጥርስ ማፋጨት ሊያመጡ ይችላሉ። ማፋጨቱ የጀመራችሁ አዲስ መድኃኒት ከጀመራችሁ በኋላ ከሆነ ያዘዘላችሁን ሐኪም አናግሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።